ከጾም ማዕዳችን እየጠፋ ያለው አሰር

ጾም በገባ ቁጥር በከተማ ቤቶቻችን የምናስተውለው አንድ ነገር አለ። ሥጋውና ቅቤው በሥርዓቱ ይቀራል፤ በምትኩ ግን የፉርኖ ዳቦ፣ ፓስታና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል። አባቶቻችን የጾሙበት ሽሮ፣ ምስር፣ ንፍሮና በሶ ወደ ጎን ተገፍቷል። ከእነርሱም ጋር ሐኪሞች ፋይበር የሚሉት አሰር አብሮ ቀርቷል።

አሰር በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ የሚገኝ፣ ትንሹ አንጀታችን ሊፈጨው የማይችል ክፍል ነው። አይፈጭምና አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። በውሃ የማይሟሟው፣ ለምሳሌ የስንዴ ገለፈት፣ ዓይነ ምድርን አብዝቶና አለስልሶ የሆድ ድርቀትን ይከላከላል። በገብስ፣ በአጃ፣ በባቄላና በተልባ የሚገኘው የሚሟሟ አሰር ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል፤ ተልባ በጥብጦ ያሳደረ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ይህ ዝልግልግ ነገር ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይገታል። የሐሞትን አሲድም ይዞ ስለሚወጣ፣ ጉበት ሌላ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል። በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ረቂቃን ተሐዋስያንም አሰሩን አብላልተው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶችን ያስገኛሉ።

አየርላንዳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ሲያገለግል፣ በእንግሊዝ የተለመዱ አንዳንድ የአንጀት ሕመሞች በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ብርቅ መሆናቸውን አስተውሎ፣ ምክንያቱን ከኋላ ከአሰር መብዛት ጋር አያያዘው። ግምቱ ሁሉ በጥናት አልጸናም፤ ዋናው አሳቡ ግን አልወደቀም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲመገብ መክሯል።

ጤፍ ከቅንጣቱ ማነስ የተነሣ ከነገለፈቱ ይፈጫል። ስንዴ ግን በፋብሪካ ሲነጣ ገለፈቱ ፉርሽካ ሆኖ ለከብት ይሄዳል፤ በዚህ ረገድስ ከብቶቻችን ከልጆቻችን የተሻለ ይመገባሉ።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። አሰር ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን ንፍሮ ቢያበዛ ሆዱ ይነፋል፤ ጥቂት በጥቂት፣ ከበቂ ውሃ ጋር ይጀምር። የስኳር ሕመምተኛም የእንጀራውን መጠን ሳይመጥን፣ ሽሮ በላሁ ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ለመጾም ሲያስብም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስገድድ መምህራን ደጋግማችሁ አስረዱ፤ ጾም ላይ ነኝ እያሉ ክኒናቸውን የሚያሳድሩ አረጋውያን በየቁምስናችን አሉና።