ኃይለኛ የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም ዕቃ እንዴት ይመረጣል?



በእረፍት ሰዓት ከክፍላችን ጀርባ የሚደረገውን ክርክር ታውቁታላችሁ። «የእኛ ኮምፒውተር 16 ጊጋ ራም አለው!» «የእኛ ደግሞ 32 ነው!» እየተባባልን ደወል እስኪደወል እንከራከራለን። እኔም ከዋናዎቹ ተከራካሪዎች አንዷ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ያ ክርክር ለምን ስሕተት እንደሆነ ነው። ይህን የተማርኩት በነጻ አይደለም፤ በእማዬ የእቁብ ብር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜን «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው። የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ይሠራል፣ ጌምም በጣም ይወዳል። 6ኛ ክፍል እያለሁ እማዬ እቁብ ወጣላትና «ለሥራህም ይጠቅምሃል፣ ኮምፒውተርህን አሻሽልበት» ብላ ሰጠችው። ሁለታችን ሱቅ ሄድን። እኔ ካርቶኑ ትልቅ የሆነውን ግራፊክስ ካርድ ሳይ «ይሄንን! ይሄንን ግዛ!» ብዬ እጁን ጎተትኩት። ገዛው። ብሩም እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል። በቀረችው ብር «500 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ጨመርንበት። በእጅ ሲያነሱት እንደ ባዶ ጣሳ ቀላል ነበር።

ማታ ገጥመን ጌም ከፈትን። 20 ደቂቃ ያህል በደንብ ሠራ። ከዚያ «ጧ!» አለና ቤቱ ጨለመ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሞተም፤ ማዘርቦርዱንና አዲሱን ካርድ ይዞ ሄደ። ወንድም ጋሼ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ግን እጁን ማን እንደጎተተው አውቃለሁ። እማዬ መስኮቱን ከፈተችና «ብር ይመጣል፤ እናንተ ባለመቃጠላችሁ ተመስገን» አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ግን የምለቅመው እንኳን አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ወንድም ጋሼ 2 ዓመት ቆጠበ። ባለፈው ክረምት እንደገና ሊገጣጥም ሲነሳ «አሁን እጄን አትጎትቺም፤ ደብተር ይዘሽ ታሰይልኛለሽ» አለኝ። ዕቃውን የሚያመጣልን ከዱባይ የሚመላለስ የሰፈራችን ሰው ነበር። እንዲህ የመጣ ዕቃ ደግሞ አልገጠመም ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ አንድም ብር ከመውጣቱ በፊት ሁሉንም ዕቃ በወረቀት ላይ ማጋጠም ነበረብን። በደብተሬ የጻፍኩትን እነሆ።

1. ከሞኒተሩ ጀምሩ

ብዙ ሰው ሞኒተርን የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። ወንድም ጋሼ ግን «የምታዪው ሞኒተሩን ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚለፋው ለእሱ ነው» አለኝ። በሞኒተር ላይ የምናየው ምስል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ወደ ጎን ያሉትን ወደ ታች ባሉት ስናባዛ ብዛታቸውን እናገኛለን፦

1920 × 1080 = 2,073,600
2560 × 1440 = 3,686,400
3840 × 2160 = 8,294,400 (ፎር ኬ የሚባለው)

የመጨረሻው የመጀመሪያውን በትክክል 4 እጥፍ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ኸርዝ ነው። 144 ኸርዝ ማለት ሞኒተሩ በ1 ሰከንድ 144 ጊዜ ምስል መቀየር ይችላል ማለት ነው። እኛ 2560 × 1440 በ144 ኸርዝ መረጥን። 3,686,400 ሲባዛ በ144 ስንት ይሆናል? 530,841,600! ጌሙ በዚያ ፍጥነት እንዲሄድ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ከ530 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን መቀባት አለበት። የሚገዛው ካርድ ምን ያህል መሆን እንዳለበት የሚወስነው ይህ ነው። 60 ኸርዝ ሞኒተር ይዛችሁ በሰከንድ 144 ምስል የሚሠራ ካርድ ብትገዙ፣ ሞኒተሩ የሚያሳያችሁ 60ውን ብቻ ነው። ለሌላው የከፈላችሁት ብር ባከነ።

2. ግራፊክስ ካርድና ሲፒዩ

ሲፒዩ የጌሙን ሕግ የሚያሰላው ነው፤ ኳሷ የት ትወድቃለች፣ ተጫዋቹ ወዴት ይሮጣል የሚለውን ይወስናል። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ የተወሰነውን የሚስል ሠዓሊ ነው። ሲፒዩው ደካማ ከሆነ ሠዓሊው ብሩሽ ይዞ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሠዓሊው ደካማ ከሆነ ደግሞ የሲፒዩው ፍጥነት ከንቱ ነው።

እኛ የመረጥነው ካርድ በ2024 የወጣውን ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4080 ሱፐር ነው። የራሱ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ የሚወስደው ኃይል 320 ዋት ነው። ሲፒዩው በ2023 የወጣው ኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ነው። 8 ኮር አለው። ከእሱ የሚበልጥ ኮር ያላቸው ሲፒዩዎች እያሉ ለምን እሱን መረጥን? ምክንያቱ ካሽ የሚባለው ነገር ነው። እማዬ ወጥ ስትሠራ በርበሬውና ጨው ከአጠገቧ ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ በየደቂቃው ጓዳ ከሄደች ግን ሽንኩርቱ ያርራል። ካሽ ማለት ከሲፒዩው አጠገብ ያለው በርበሬ ነው፤ ራም ደግሞ ጓዳው። 7700ኤክስ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ትልቁ ካሹ 32 ሜጋባይት ሲሆን የዚህኛው 96 ሜጋባይት ነው፤ 3 እጥፍ። ጌም ደግሞ ካሽ ይወዳል።

ከእነዚህ በኋላ ሌሎች አዳዲሶች ወጥተዋል። ስሙ ይቀየራል፤ የአመራረጡ ሕግ ግን አይቀየርም።

3. ማዘርቦርድና ራም

ማዘርቦርድ ሁሉም የሚገናኝበት ሰፈር ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ሲፒዩ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ይባላል። የእኛ ሲፒዩ ኤኤም5 የሚባል ሶኬት ይፈልጋል፤ 1,718 መገናኛ ነጥቦች አሉት። የቀድሞው ኤኤም4 ግን 1,331 ነበር። ስለዚህ «ኤኤምዲ ለኤኤምዲ ነው፣ ይገጥማል» ብሎ ኤኤም4 ቦርድ የገዛ ሰው ሲፒዩውን በእጁ ይዞ ይቀራል። ኤኤም5 ቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። የዲዲአር4 ራም የጥርሱ ክፍተት ቦታው የተለየ ስለሆነ በግድ ቢገፉትም አይገባም፤ ይሰበራል እንጂ።

ራም 32 ጊጋ ወሰድን። ነገር ግን አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16። ለምን? ሁለት ሲሆኑ መረጃው በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ አንድ ሲሆን በአንዱ ብቻ። 4 ቦታ ባለው ቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ከሲፒዩው ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው የሚሰኩት። ዝም ብሎ ጎን ለጎን መሰካት ስሕተት ነው።

4. ማስቀመጫው

ጌሙ የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ነው። የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ሳታ የሚባለው ኤስኤስዲ 550 ገደማ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ ደግሞ እስከ 7,000 የሚደርስ አለ። የወንድም ጋሼ የሠርግ ቪዲዮዎችም በጣም ትልልቅ ስለሆኑ 2 ቴራባይት ያለውን መረጥን።

5. ፓወር ሰፕላይ፦ ያቃጠለን ትምህርት

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ፓወር ሰፕላይ ጌሙን አያፈጥንም፣ ምስሉንም አያሳምርም። ማንም በእረፍት ሰዓት «የእኔ ፓወር ሰፕላይ» ብሎ አይፎክርም። ለዚህ ነው ሰው ብር የሚቀንስበት። ግን የሁሉም ደም የሚመጣው ከእሱ ነው። እንዲህ ደመርን፦

ሲፒዩ 120 ዋት
ግራፊክስ ካርድ 320 ዋት
ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ማራገቢያዎች በግምት 100 ዋት
ድምር 540 ዋት

540 ስለሆነ 550 ይበቃል ማለት ነው? አይደለም። ካርዱ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ዕቃም ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ከሠራ ይግላል፣ ቶሎም ያረጃል። የካርዱ አምራችም 750 ዋት ነው የሚመክረው። እኛም 80 ፕላስ ጎልድ የሚል ምልክት ያለውን የታወቀ ባለ 750 ወሰድን። ምልክቱ ከግድግዳ የሚወስደውን ኃይል 90 በመቶ ገደማ ለኮምፒውተሩ ያደርሳል፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል ማለት ነው።

በሳይንስ የተማርነው ዋት = ቮልት × አምፒር እዚህ ሠራልኝ። 540 ለ0.9 ሲካፈል 600 ዋት ከግድግዳ ይወስዳል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 600 ÷ 220 ወደ 2.7 አምፒር ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ነው! ስለዚህ በእኛ ቤት ሕግ ወጣ፦ እማዬ ስትጋግር ጌም የለም።

መብራት ስለሚቆራረጥ ዩፒኤስም አሰብን። እዚህም ወጥመድ አለ። ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው «650 ቪኤ» ከዋት ጋር አንድ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ 400 ዋት እንኳን አይሞላም። በዋት የተጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ።

6. ኬዝና ማቀዝቀዣ

የካርዱ ርዝመት 30.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከማስመሪያዬ ይበልጣል! ብዙ ኬዞች ይህን አይችሉም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙ እስከ ስንት ሳንቲ ሜትር ካርድ፣ እስከ ስንት ሳንቲ ሜትር የሲፒዩ ማቀዝቀዣ እንደሚችል አንብቡ። አየር ከፊት ይገባል፣ በኋላና በላይ ይወጣል። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ያምራል፤ ግን አየር ከየት ያስገባል? አቧራ ለሚበዛበት ሰፈር የሚወልቅና የሚታጠብ ወንፊት ያለው ይሻላል።

የመግጠሚያው ቀን

ዕቃው ሁሉ መጣ። ሶኬቱን ሳንሰካ፣ ብረት ነክተን፣ ቀስ እያልን ገጠምን። ተርማል ፔስት የአተር ፍሬ ያህል ብቻ አደረግን፤ ከማቀዝቀዣው ሥር ያለውን ፕላስቲክ መላጥ አልረሳንም። ልናበራ ስንል እማዬ ምንም ሳትናገር ሄዳ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለችው። የዚያን ማታውን አልረሳችውም።

በራ! ግን ጌሙ ሲከፈት እየተንቀጠቀጠ እንደ ኤሊ ይሄዳል። የወንድም ጋሼ ፊት ሲለወጥ አየሁ። የ2 ዓመት ቁጠባ! እኔ ደብተሬን ገለጥኩ፣ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ ከኬዙ ጀርባ ዞሬ አየሁ። የሞኒተሩን ገመድ የሰካሁት እኔ ነበርኩ፤ የሰካሁትም ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነው! ይህ ሲፒዩ በውስጡ ትንሽ የራሱ ምስል ማውጫ ስላለው ሞኒተሩ በርቷል፤ ትልቁ ካርድ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ገመዱን ቀየርኩት። ጌሙ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ወንድም ጋሼ ከት ብሎ ሳቀና «ዛሬ ደግሞ እጅሽ ጠቀመኝ» አለኝ። እኔ ግን ትንሽ አለቀስኩ። ከ2 ዓመት በፊት ስለዚያች ማታ ያልተናገረው ነገር አሁን የተነገረ መሰለኝ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። «ትልቁ የቱ ነው?» ሳይሆን «ይሄ ከየትኛው ጋር ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ለውድ ኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ አይደለም። ቤታችሁ ላለው አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ራም ልትጨምሩለት ብትፈልጉም መጀመሪያ የሚቀበለውን ዓይነት አንብቡ፣ ደምሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ግዙ። ደግሞ መምህሮቻችን እንዳይቆጡኝ፦ እኔ የምጫወተው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቤት ሥራዬን ጨርሼ ነው።

መልመጃ
1. ሲፒዩ 105 ዋት፣ ካርድ 200 ዋት፣ ሌሎች 100 ዋት ቢሆኑ ባለ 400 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል? ለምን?
2. 1920 × 1080 ሞኒተር በ60 ኸርዝ በሰከንድ ስንት ነጥብ ያሳያል?
3. ኬዙ እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ካርድ ይችላል። እኛ የገዛነው ካርድ ይገባል? ስንት ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል ወይም ይተርፈዋል?

መልሳችሁን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!

ከ8ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል