ፊዚክስን ከአገራችን ዳገት ላይ እንከልስ
(ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተፈታኞች)

የፈተና ወራት በቀረበ ቁጥር ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘንድ የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ፊዚክሱን ምን እናድርገው?» ይሉናል። ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ቆዩ፣ ብዙው ተማሪ ያለ መምህር ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን ቀርቷል። ይህም ክለሳ የተዘጋጀው ለዚያ ብቻውን ለቀረው ተማሪ ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ ፊዚክስ ሙያችን አይደለም። ይሁን እንጂ ተፈታኞችን ስናስጠና አንድ ነገር አስተውለናል። ተማሪውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ሳይሆን ቃሉ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ተማሪው «ዌይት»፣ «ወርክ»፣ «ሂት» የሚሉትን ቃላት በልቡ ወደ አማርኛ ይመልሳል። የአማርኛው ቃል ደግሞ በገበያና በእርሻ የለመደ የራሱ ትርጉም አለው። የገበያው ትርጉምና የትምህርቱ ትርጉም ሲምታቱ፣ ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ እንኳ የተሳሳተውን መልስ ይመርጣል። እንግዲህ ቃላቱን አንድ በአንድ እንለያቸው።

1ኛ/ ክብደትና መጠነ ቁስ

በገበያ «የዚህ ጤፍ ክብደት አንድ ኩንታል ነው» እንላለን። በፊዚክስ ግን ኩንታልና ኪሎ የሚለኩት መጠነ ቁስን፣ ማለትም በነገሩ ውስጥ ያለውን የቁስ ብዛት ነው። ክብደት የሚባለው ምድር ያንን ቁስ ወደ ታች የምትስብበት ኃይል ሲሆን፣ መለኪያው ኒውተን ነው። መጠነ ቁሱን በመሬት ስበት፣ ማለትም በ10 በግምት ብናባዛው ክብደቱን እናገኛለን። ስለዚህ የአንድ ኩንታል ጤፍ መጠነ ቁስ 100 ኪሎ ግራም፣ ክብደቱ ግን 1,000 ኒውተን ነው። ጤፉ ወደ ጨረቃ ቢወሰድ መጠነ ቁሱ አይለወጥም፤ ክብደቱ ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል።

2ኛ/ ዳገትና ሰበቃ

ለዚህ ትምህርት ከአገራችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን፣ ማለትም 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ የጋይንትን ምድር አቋርጦ፣ በጨጨሆ አልፎ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። የጎተተው ሞተር አልነበረም፤ የሰው ክንድ ነበር። መንገዱም በየዳገቱ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተናደ የተሠራ ነው። ጥያቄው «መንገድ መሥራቱ ምን ጠቀመ?» የሚል ነው። ፊዚክስ ይመልስልናል።

የመድፉ ክብደት 70,000 ኒውተን ነው። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ለማንሣት ይህን ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 100 ሜትር ከፍታ ያለውን ዳገት 1,000 ሜትር በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ብናወጣው ግን፣ ሰበቃን ለጊዜው ትተን፣ የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ዐሥረኛው፣ ማለትም 7,000 ኒውተን ብቻ ይሆናል። መንገዱን አሳጥረን 500 ሜትር ብናደርገው ኃይሉ ወደ 14,000 ኒውተን ይወጣል። ኃይሉን ባተረፍን መጠን መንገዱን እንከፍላለን፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማትረፍ አይቻልም። የገጠሩ ሰው በቅሎውን ሲጭን አቋራጩን ትቶ ዙሪያውን የሚሄደው ይህንኑ ሕግ በእግሩ ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ሰበቃን እንጨምር። ለሒሳቡ እንዲመቸን የሰበቃው መጠን ከክብደቱ 0.3 እጅ ነው እንበል። ይህ 21,000 ኒውተን ይሆናል። ከ7,000ው ጋር ሲደመር 28,000 ኒውተን ነው። አንድ ሰው በአማካይ በ200 ኒውተን ይጎትታል ብንል 140 ሰው ያስፈልጋል። ሰበቃ ባይኖር ግን 35 ሰው ይበቃ ነበር። ከዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ሰበቃ ዘወትር ከእንቅስቃሴው በተቃራኒ ይሠራል። መድፉ ዳገት ሲወጣ ጎታቾቹን ይቃወማል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ግን መድፉ እንዳይፈተለክ ይረዳቸዋል። ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚያጠምደው በዚህ አቅጣጫ ነው።

3ኛ/ ሥራና አቅም

አንዲት እኅታችን 20 ሊትር ውኃ በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ወደ ቤት ስትመለስ ትደክማለች። ይህ ሥራ አይደለም የሚል ማንም የለም። በፊዚክስ ግን ሥራ ማለት ኃይል በራሱ አቅጣጫ በተጓዘው ርቀት ሲባዛ ነው። መንገዱ ሜዳ ከሆነ፣ እርሷ ውኃውን የምትደግፈው ወደ ላይ ሲሆን ጉዞው ወደ ጎን ስለሆነ፣ የድጋፉ ኃይል የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። 50 ሜትር ከፍታ ያለው ዳገት ከወጣች ግን 200 ኒውተን በ50 ሜትር ተባዝቶ 10,000 ጁል ሥራ በውኃው ላይ ሠርታለች። ድካሟን ፊዚክስ አይክድም፤ ለቃሉ የሰጠው ትርጉም ጠባብ ስለሆነ ነው።

አቅም ደግሞ ሥራ ለጊዜ ሲካፈል ነው። ከላይ ያሰብነውን ዳገት ለመውጣት መድፉን በ28,000 ኒውተን 1,000 ሜትር የጎተቱት ሰዎች 28,000,000 ጁል ሥራ ሠርተዋል። በአንድ ሰዓት ቢያደርሱት አቅማቸው 7,778 ዋት ያህል ነው፤ በዐሥር ሰዓት ቢያደርሱት 778 ዋት ያህል ነው። ሥራው አንድ ነው፤ የተለየው አቅሙ ነው። ከዚያ ሁሉ ሥራ 7,000,000 ጁሉ በከፍታ መልክ ከመድፉ ጋር ተከማችቷል፤ የቀረው 21,000,000 ጁል በሰበቃ ወደ ሙቀት ተለውጧል። ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለው ሕግ ይኸው ነው።

4ኛ/ ሙቀትና የሙቀት መጠን

ከምድጃ የምትፈናጠር አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ከአንድ ጋን ለብ ያለ ውኃ ይልቅ የሙቀት መጠኗ እጅግ ይበልጣል። ሆኖም የቀዘቀዘ ሰው የሚያሞቀው የጋኑ ውኃ ነው፤ የሚሰጠው ሙቀት ይበዛልና። የሙቀት መጠን በዲግሪ ይለካል፤ ሙቀት በጁል ይለካል። መለኪያውን ያየ ተማሪ ሁለቱን አያምታታም።

5ኛ/ ግፊትና የውኃ መፍላት

«ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውኃውም ቀድሞ ይፈላል። በስማዳ ቆላ፣ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በነፋስ መውጫ አካባቢ፣ ወደ 3,000 ሜትር ላይ፣ በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ራስ ላይ ደግሞ ወደ 86 ዲግሪ ይወርዳል። የደጋ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ ማገዶ መጨመር ውኃውን ቶሎ ያተንናል እንጂ የሙቀት መጠኑን ከፍ አያደርገውም። ክዳኑን በጥብቅ የሚዘጋ ድስት ግን በውስጡ ግፊት ስለሚጨምር የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል፤ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል።

አጠናኑ እንዴት ይሁን?

ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ነገር እናድርግ። ሀ/ የተሰጠውን ከነመለኪያው እንጻፍ። ለ/ የተጠየቀው ቃል በፊዚክስ ምን ማለት እንደ ሆነ በአማርኛ ለራሳችን እንናገር። ሐ/ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀመሩን እንፈልግ። መ/ የተገኘው መልስ በዓይናችን ከምናየው ነገር ጋር ይስማማ እንደ ሆነ እንመርምር። አንድ ሰው መድፉን ብቻውን ይጎትታል የሚል መልስ ከወጣ፣ አንድ ዜሮ የሆነ ቦታ ጠፍቷል ማለት ነው።

መለማመጃ

1. በሜዳ ላይ አንድ ሳጥን በ150 ኒውተን ኃይል ወደ ፊት ተገፍቶ 8 ሜትር ሄደ። የገፊው ሥራ ስንት ነው?
2. በጉና ላይ መብረቅ ከታየ ከ6 ሴኮንድ በኋላ ነጎድጓዱ ተሰማ። የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ከሆነ መብረቁ ምን ያህል ይርቃል?
3. በጨረቃ ላይ ስበቱ 1.6 ቢሆን የአንድ ኩንታል ጤፍ ክብደት ስንት ይሆናል?

መልስ፦ 1. 1,200 ጁል። 2. 2,040 ሜትር። 3. 160 ኒውተን።

በመጨረሻም ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችን አንድ ቃል አለን። ክረምት ወደ አገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን ሦስት ተፈታኝ ይዘን ብንቀመጥ፣ የሚያስፈልገን ጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን አንድ ደብተርና የሰፈሩ ዳገት ነው። የተዘጋውን ትምህርት ቤት ለመክፈት ሥልጣኑ የለን ይሆናል፤ የተዘጋውን መጽሐፍ ግን አብረን ልንከፍተው እንችላለን። ይህም ጽሑፍ በእጅ እየተገለበጠ ከእስቴ እስከ ስማዳ ቢደርስ ደስታችን ነው።