የቫልቭ ራዲዮ ከመሰካቱ በፊት

ለዓመታት ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ የቫልቭ ራዲዮ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ አቧራውን ይጠርግና «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ይሰካዋል። ብዙ ራዲዮ የሚበላሸው በዚያች ሰዓት ነው። ሃምሳና ስልሳ ዓመት ሲቀመጥ ያልደረሰበት ጉዳት ኮረንቲ ባገኘ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርስበታል። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት አሮጌ ራዲዮ ማደስን እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ለመያዝ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ የተረዳ ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል መሸምደድ አያስፈልገውም።

የምንነጋገርበት ራዲዮ

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ለማየት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የተሠራ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ባለ እንጨት ሳጥን ራዲዮ እንውሰድ። ግሩንዲግ ይሁን ቴሌፉንከን፣ ሳባ ይሁን ኖርድሜንዴ፣ የፋብሪካው ስም ይለያይ እንጂ የውስጡ አሠራር በጣም ይመሳሰላል። አንዱን የተማረበት ሌላውን ሲከፍት እንግዳ አይሆንም።

እነዚህ ራዲዮዎች ኤፍ ኤም ያላቸው በአጋጣሚ አይደለም። በ1948 ኮፐንሃገን ላይ የአውሮፓ የመካከለኛ ሞገድ መስመሮች ሲከፋፈሉ በጦርነቱ የተሸነፈችው ጀርመን የደረሷት ጥቂትና ደካማ መስመሮች ነበሩ። መውጫው ማንም ያልተሻማበት ኤፍ ኤም ነበር። የመጀመሪያው የጀርመን ኤፍ ኤም ማሠራጫ በየካቲት 1949 ሙኒክ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ፋብሪካዎቹም ተከትለው ራዲዮዎቻቸውን ለዚያ ሠሩ። ዛሬ እነዚህ ራዲዮዎች ከጌጥነት አልፈው ጣቢያ የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ቫልቩ ምን ይሠራል?

ቫልቭ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ቱቦ ነው። ውስጡ ያለው ክር ሲግል ካቶድ የሚባለውን ክፍል ያሞቀዋል፤ የሞቀው ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኖቹም ከፍተኛ ቮልት ወዳለበት አኖድ ይሮጣሉ። መሐል ላይ የተዘረጋው ቀጭን የሽቦ መረብ ግሪድ ይባላል። ግሪዱ ከካቶዱ ይልቅ ኔጌቲቭ ሲሆን ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ኔጌቲቭነቱ ሲላላ ፍሰቱ ይጨምራል። ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ይህን ግሪድ ባይጨምርበት ኖሮ ቫልቭ ድምፅ ማጉላት ባልቻለ ነበር።

መስታወቱ ላይ የተጻፈው ስም ራሱ ትምህርት ነው። ኢኤል 84 የሚለውን እንይ። የመጀመሪያው ፊደል ኢ፣ ክሩ በ6.3 ቮልት እንደሚግል ይናገራል። ኤል ማለት ስፒከሩን የሚነዳው የመጨረሻው ማጉያ ነው። ኤፍ ከሆነ ፔንቶድ (ባለ ሦስት ግሪድ ቫልቭ)፣ ኤም ከሆነ ጣቢያው በትክክል ሲያዝ የምትጠበው አረንጓዴ ዓይን፣ ሲ ከሆነ ትሪዮድ (ባለ አንድ ግሪድ ቫልቭ) ነው። የመጀመሪያው ፊደል ዩ ከሆነ ግን ቆም ይበሉ። የዩ ቫልቮች ክራቸው በተከታታይ ተያይዞ በቀጥታ ከግድግዳው መስመር ነው የሚግለው፤ እንዲህ ያለው ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር የለውም፣ የብረት አካሉም ኮረንቲ ሊኖርበት ይችላል። የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ሕይወትን ስለመጠበቅ

ትራንስፎርመር ያለው ራዲዮም ቢሆን ውስጡ 250 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ። ተነቅሎም ትልቁ ካፓሲተር ያንን ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ከመንካትዎ በፊት በ10 ኪሎኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ያራግፉት፤ ከዚያ በመልቲሜትር ለክተው ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ። ራዲዮው በርቶ መለካት ካለብዎት አንድ እጅዎ ኪስ ውስጥ ይሁን። ኮረንቲ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገዱ በልብ በኩል ነው። ብቻዎን ቤት ውስጥ ሆነውም አይሥሩ።

የሚያረጀው ካፓሲተሩ ነው

ጀማሪ ሁሉ ቫልቩን ይጠረጥራል። የሚታየው እሱ ነው፣ ይግላል፣ ያበራል፤ ስለዚህ «ቫልቩ ሞቷል» ተብሎ ገንዘብ ይወጣል። በዚያ ዘመን ራዲዮ ውስጥ ግን ቫልቮቹ ብዙውን ጊዜ ገና ጤነኛ ናቸው። ያረጁት በወረቀት የተሠሩት ትናንሽ ካፓሲተሮች ናቸው። ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ካፓሲተር ደግሞ ማገድ የሚገባውን ቀጥተኛ ኮረንቲ ማሳለፍ ይጀምራል።

ከሁሉም አደገኛው ከኢኤል 84 ግሪድ ጋር የተያያዘው ነው። ሥራው ድምፁን ብቻ አሳልፎ ከፊቱ ካለው ቫልቭ አኖድ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልት ማገድ ነው። በአኖዱ በኩል 100 ቮልት አለ እንበል፤ በግሪዱ በኩል ደግሞ ወደ መሬት የሚወስድ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አለ። ካፓሲተሩ አርጅቶ እንደ 50 ሜጋኦም ሬዚስተር መሆን ቢጀምር፣ 100 ቮልቱ ለ51 ሜጋኦም ይከፋፈልና ወደ 2 ቮልት የሚጠጋው ግሪዱ ላይ ያርፋል። ተራ መልቲሜትር 50 ሜጋኦምን ብዙውን ጊዜ ማንበብ ስለማይችል ካፓሲተሩን ጤነኛ ያስመስለዋል። ግሪዱ ግን ከካቶዱ በ7 ቮልት ያህል ኔጌቲቭ ሆኖ እንዲቆይ ነበር የታሰበው። 2 ቮልት ሲደረብበት ቫልቩ ከሚገባው በላይ ይስባል፣ ከልክ በላይ ይግላል፣ አብሮትም የድምፅ ትራንስፎርመሩ ይግላል። ቫልቭ ተፈልጎ ይገኛል፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን እንደ አዲስ ካልተጠመጠመ መተኪያው ከባድ ነው። ከዚህች ርካሽ ካፓሲተር በፊት ሌላ ነገር አይንኩ የምለው ለዚህ ነው። በተመሳሳይ የካፓሲታንስ መጠን፣ 630 ቮልት በሚችል የፕላስቲክ ካፓሲተር ይተኳት።

ቀጥሎ ሌሎቹን የወረቀት ካፓሲተሮች አንድ በአንድ ይቀይሩ። አንድ ይንቀሉ፣ አንድ ይበይዱ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የነቀለ ሰው የትኛው የት እንደነበረ ይጠፋበታል። ትልቁ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ከደረቀ ራዲዮው ያጉረመርማል፤ ሲተኩት የካፓሲታንስ መጠኑን እጅግ አያሳድጉት፣ ሲነሳ የሚስበው ኮረንቲ ሬክቲፋየሩን (ተለዋዋጩን ኮረንቲ ቀጥተኛ የሚያደርገውን ክፍል) ይጎዳዋልና። ሬክቲፋየሩ ሴሌኒየም ከሆነና የበሰበሰ ነገር ከሸተተዎት ወዲያው ነቅለው መስኮት ይክፈቱ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

መስታወቱን በውኃ አያጥቡት

ከፊት ያለው የጣቢያ መስታወት ላይ ሂልቨርሱም፣ ሉክሰምበርግ፣ ቤሮሙንስተር እያለ የተጻፈው ከውስጥ በኩል ነው። ቀለሙ ከዘመን ብዛት መስታወቱን ለመልቀቅ ተቃርቧል። እርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲያልፍበት የከተማው ስም ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ አልኮል ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ከፊት በኩል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከውስጥ በኩል ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጠቀሙ። አቧራው በግማሽ ቢቀር ይቅር። ካፓሲተር ይተካል፣ የተደመሰሰ ስም ግን አይመለስም።

ጠቋሚውን የሚጎትተው ክር ከተበጠሰ ከማውጣትዎ በፊት ስንት ጊዜ የትኛው መሽከርከሪያ ላይ እንደተጠመጠመ በወረቀት ላይ ይሳሉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማብራት

አሁን መሰካት ይቻላል፤ ግን በቀጥታ አይደለም። በመጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለው የቮልት መምረጫ 220 ላይ መሆኑን ይዩ፤ የተሰነጠቀ ገመድም ካለ ይቀይሩ። ከዚያ አንድ ባለ 60 ወይም 100 ዋት አምፖል ከራዲዮው ጋር በተከታታይ አያይዘው ይሰኩ። አምፖሉ የድሮው ባለ ክሩ መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ሲበራ አምፖሉ ደመቅ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ነገሩ ደህና ነው። እንደደመቀ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ይንቀሉት። አምፖሉ በመሐል ሆኖ ኮረንቲውን ስለሚገድበው ራዲዮው አይቃጠልም።

አምፖሉን ካወጡ በኋላ አንድ ልኬት ብቻ ይበቃል፦ የኢኤል 84 ካቶድ ላይ ያለው ቮልት። የካቶዱ ሬዚስተር 135 ኦም ከሆነና ሜትሩ 7.3 ካነበበ፣ 7.3ን ለ135 ሲያካፍሉ 54 ሚሊአምፔር ያገኛሉ፤ ቫልቩ በልኩ እየሠራ ነው። 11 ቮልት ካነበበ ከ80 ሚሊአምፔር በላይ እየሳበ ነውና ያጥፉት፤ ወደ ግሪዱ ይመለሱ።

ጣቢያው ደከም ካለ በካቻቢቴ የጥቅልሎቹን ብሎን ለማዞር አይቸኩሉ። ፋብሪካው በመሣሪያ ያስተካከለውን በጆሮ ማስተካከል አይቻልም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሞገድ መምረጫው ቁልፎች መቆሸሽ ነው፤ ለኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ የተሠራ ማጽጃ ትንሽ ጠብ አድርገው ቁልፎቹን ደጋግመው ይጫኑ።

አዲስ አበባ ላይ ምን ይሰማል?

የዚያን ጊዜ የጀርመን ኤፍ ኤም የሚጀምረው 87 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን የሚያበቃው 100 ላይ ነው፤ ትንሽ ዘግየት ብለው የተሠሩት እስከ 104 ይደርሳሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አሐዱ 94.3ን፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ንና ፋና 98.1ን ጥርት አድርጎ ይይዛል። ሸገር 102.1 ግን 100 ላይ የሚያበቃው ራዲዮ አይደርስበትም። የኤፍ ኤሙን ክፍል ከፍተው ወደ ላይ የሚገፉት ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። የታችኞቹ ጣቢያዎች ከሰሌዳው ቁጥር ጋር መገናኘታቸውን ያቆማሉ፣ ወደ ነበረበት መመለሱም ያስቸግራል።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ጀርባው ላይ ቲኤ ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ነው። የስልክዎን ግራና ቀኝ ድምፅ እያንዳንዱን በ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር አሳልፈው አንድ ላይ ያገናኙና እዚያ ያስገቡት። ሸገርም ሆነ ሌላ ጣቢያ በኢኤል 84ና በትልቁ ስፒከር በኩል ይሰማል። ይህን የሚያደርጉት ግን ትራንስፎርመር ባለው ራዲዮ ላይ ብቻ ነው፤ በዩ ቫልቮች የሚሠራው ላይ ካገናኙት የግድግዳው ኮረንቲ በስልኩ አልፎ እጅዎ ድረስ ሊመጣ ይችላል።