አዋጁን ያረቀቁት የሕግ ሰው

በዚህ ትምህርት የምናነበው ስለ አንድ የሕግ ሰው ነው። ስማቸው አቶ ዘገየ አስፋው ይባላል። የራያ ተወላጅ አይደሉም። ሆኖም ከጎሊና ወንዝ ውሃ ጠልፎ ማሽላና ጤፍ የሚያመርተው የቆቦ ገበሬ እሳቸው ባረቀቁት ወረቀት ኑሮው ተለውጧል። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ጭሰኛ ማለት የራሱ መሬት የሌለው፣ የሰው መሬት አርሶ ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን የሚሰጥ ገበሬ ነው። ባለመሬቱ ባሻው ጊዜ «ልቀቅ» ይለዋል። በሰሜን ወሎ ደግሞ ብዙው መሬት ርስት ነበር፤ ማለትም በዘር ሐረግ የሚወረስ። ባለርስቱ ከጭሰኛው ይሻላል ቢባልም ከግብርና ከርስት ሙግት አላረፈም። ስንቱ በሬውን ሸጦ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራትቷል!

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። የጭሰኛውን ሸክም የሚያቃልል ረቂቅ ሕግም ለፓርላማ ቀረበ። ግን ፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ናቸው፤ በራሳቸው ላይ እጃቸውን ያወጣሉ? ረቂቁ ሳይጸድቅ ዓመታት አለፉ። አቶ ዘገየ ሕግ ተምረው የሠሩት በዚህ ሚኒስቴር ነው።

ከዚያ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ መጣ። በቆቦ በኩል የሚያልፈው የአስመራ መንገድ ዳር ዳሩን ሰው ረገፈ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። በማርቀቁ ሥራ አቶ ዘገየ ግንባር ቀደም ነበሩ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት ተማሪዎችም አዋጁን በየገጠሩ እያነበቡ አስረዱ።

ጠበቃ በችሎት ቢረታ የሚጠቅመው ለአንድ ባለጉዳይ ነው። አዋጅ የሚጽፍ ሰው ግን አንዲት ቃል ቢያስገባ ወይም ቢያወጣ የሚሊዮኖች ማሳ ይነካል። እስቲ ቃሉን እንመልከት። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ አይችልም። ጭሰኛው ከባለመሬቱ የተሰጠው የእርሻ መሣሪያና በሬ እጁ ላይ ይቀራል። በርስት አገር ያለ ገበሬ አሁን የሚያርሰውን ይዞ ይቀጥላል። ቢያንስ 800 ሄክታር ስፋት ባለው ቦታ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል፤ የመሬት ክርክርም በማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ይታያል። ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለናል፤ ሙግቱ ከሩቅ ከተማ ወደ ጎረቤት ዳኛ መጣ።

አዋጁ ሌላም ነገር ይላል። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በዋስትና አይያዝም፣ አይከራይም። ቅጥር ሠራተኛ ማሳረስም ተከልክሏል፤ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ ለታመመና ላረጀ ግን ይፈቀዳል። እንግዲህ በሬ የሌላት አንዲት የራያ ባልቴት አለች እንበል። መሬቷን በመጋዞ ሰጥታ እኩል ትካፈል ነበር፤ ይህን አዋጁ ዘጋባት። ሠራተኛ ቅጠሪ ይላታል፤ በምን ገንዘብ? ጭሰኛን ከባለመሬት ለማዳን የተጻፈው ቃል ደካማውንም አሰረ። መሬቱም የሕዝብ ይባል እንጂ ቁልፉ መንግሥት እጅ ነው የገባው። ቆየት ብሎ ማኅበሩ ራሱ የእህል ኮታ መሰብሰቢያ ሆነ። ይህም ሆኖ «ልቀቅ» የሚል ጌታ እንዲጠፋ ያደረገውን ሕግ አናቃልለውም።

በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ ክልከላው ላላ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥ አጸና፤ ማከራየት ግን ዛሬ በሕግ ይቻላል። ባልቴቷ መጋዞዋን በውል ታደርጋለች።

አቶ ዘገየስ? በደርግ ዘመን ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዘመን ለዓመታት ታሰሩ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ በሽግግሩ መንግሥት ለአጭር ጊዜ የግብርና ሚኒስትር ነበሩ። ቀጥሎም ሁንዴ የተባለውን የገጠር ልማት ድርጅት መሠረቱ፤ ሁንዴ በኦሮምኛ ሥር ማለት ነው። በ1914 ሳይሆን በእኛው ዘመን፣ በ2014 ዓ.ም.፣ የተወካዮች ምክር ቤት ከአገራዊ ምክክር ኮሚሽን 11 ኮሚሽነሮች አንዱ አድርጎ ሾማቸው።