ኳሱ ከመድረሱ በፊት

ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ነበር የበለጠው። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ግቦች የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ይህን ሰምቶ ያደገ ልጅ በጅማ አካባቢ፣ አጋሮም ይሁን ሊሙ ገነት፣ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያገኝ መጀመሪያ ግብ ለመምታት ቢሮጥ አይፈረድበትም። እኛ ግን ከምቱ አንድ እርምጃ ወደኋላ እንመለስና ኳስ መቀበልን እንማር።

መሠረቱ ይህ ነው፦ ኳስ የሚገራው ከመድረሱ በፊት ነው። ኳሱ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ተቀባዩ ሦስት ነገር ጨርሶ መጠበቅ አለበት። አንደኛ፣ ትከሻው ላይ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ማየት። ሁለተኛ፣ ሰውነቱን ገለጥ አድርጎ ኳሱም የሚሄድበትም አቅጣጫ ከዓይኑ እንዳይወጡ መቆም። ሦስተኛ፣ በየትኛው እግር እንደሚቀበል መወሰን። ብዙ ጊዜ የሚሻለው ኳሱ ከሚመጣበት ራቅ ያለው እግር ነው፤ ኳሱ በፊቱ አልፎ እዚያ ሲደርስ ተጫዋቹ ግማሽ ዙር ዞሯል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ እግር የሚሠራው ቀላል ነው፦ ቁርጭምጭሚት ጠንከር፣ የእግር ጣት ቀና፣ ጉልበት ላላ፤ በውስጥ እግር ነክቶ ከኳሱ ጋር በጥቂቱ ማፈግፈግ።

«ታዲያ አብዶውስ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። አብዶ ደስ ይላል፣ አይከለከልም። ነገር ግን ኳሱ ሁለት ሜትር ካመለጠው በኋላ የሚሠራው አብዶ የራሱን ስህተት ማረሚያ ነው፤ ተመልካች ያጨበጭባል፣ አሰልጣኝ ግን ማጨብጨብ የለበትም።

ልምምዱ ሰፊ ሜዳ አይጠይቅም። ሦስት ልጆች በአንድ መስመር፣ በመካከላቸው ወደ ስምንት ሜትር ክፍተት ይተዉ። ዳር ያለው ለመካከለኛው ያቀብላል፤ ያኔ ከኋላ ያለው ልጅ ጣቶቹን ያነሳል። መካከለኛው ኳሱን ከመንካቱ በፊት ዞር ብሎ ቁጥሩን ይጥራ። ካልጠራ ኳሱን በደንብ ቢያቆመውም አይቆጠርለትም። ይህ ደንብ መጀመሪያ ያናድዳል፤ ያለ እሱ ግን ልምምዱ ተራ ቅብብል ይሆናል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በግራ እግር ብቻ ይደረግ።

የጅማ አካባቢ ሜዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ እርጥብ ሣር ላይ ግን ኳሱ ተንሸራቶ ከታሰበው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ እርምጃን ማሳጠርና ቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። ቡና በሚለቀምበት በበጋው ወራት መሬቱ ደርቆ ኳሱ ይነጥራል፤ ያኔ ደረትና ጉልበት ወደ ፊት ዘንበል ብለው ኳሱ መሬት እንደነካ ከላይ ይሸፍኑታል። ሜዳው ወጣ ገባ ነው ብሎ ልምምዱን የሚተው አሰልጣኝ አጋጣሚውን አባከነ እላለሁ፤ የማይታመን ንጥረት ዓይንን ያነቃል።

ቀድሞ መዘጋጀት ኳስ ለሚቀበል ብቻ ሳይሆን ከእጁ ለሚመታ በረኛም ያስፈልጋል፤ ለእሱ የሚሆን ትምህርት ከሩቅ አገር ልዋስ። ሕጉ በ1859 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ውስጥ የተጻፈው የአውስትራሊያ እግር ኳስ በሞላላ ኳስ፣ 18 ለ18 ሆነው የሚጫወቱት ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ ሮጦ፣ ከእጁ ለቆ ይመታል። ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው መምታትን ሳይሆን መልቀቅን ነው፦ ኳሱን ወደ ላይ ሳይወረውር፣ በሚመታበት እግር በኩል ባለው እጅ መርቶ ዝቅ ካለ ቦታ መጣል። ረጅም መንገድ የወደቀ ኳስ በነፋስም በእጅ መንቀጥቀጥም ይዛባል። የእኛም በረኛ ከእጁ ሲመታ ኳሱን ከፊቱ ወደ ሰማይ ከፍ ካደረገው አንዱ ሩቅ ሄዶ ሌላው ወደ ጎን ይወጣበታል። ከወገብ በታች ይልቀቀው፣ ዓይኑ ኳሱ ላይ ይቆይ፣ መጀመሪያ አሥራ አምስት ሜትር ላይ ላለ ጓደኛው ደረት ያድርስ። ርቀቱ ከዚያ በኋላ ይጨመራል።