ክርስቲያን ቤቱን ለመጠበቅ የጦር መሣሪያ ሊይዝ ይገባዋልን?

በብዙ ቤት ጠመንጃ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፤ ወይም ሽጉጥ ከትራስ ሥር ተቀምጦ ይገኛል። ባለቤቱን፦ ይህን ለምን ያዝኸው? ብለህ ብትጠይቀው፦ ለቤቴና ለልጆቼ መጠበቂያ ነው ብሎ ይመልስልሃል። ይህም መልስ የሚናቅ አይደለም። ሌባና ወንበዴ በእውነት አሉና፤ ሚስቱንና ልጆቹን የሚወድ ሰውም በሌሊት በሩ ሲገፋ ቢሰማ ልቡ ይደነግጣል። ነገር ግን ክርስቲያን የሆነ ሰው ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ይኸውም፦ በዚህ መሣሪያ ሰውን መምታት የሚፈቀድልኝ መቼ ነው? ከቶ የማይፈቀድልኝስ መቼ ነው? በቤቴ ሳስቀምጠውስ በእግዚአብሔር ፊት ምን ዕዳ እቀበላለሁ? የሚል ነው። እነዚህን ነገሮች በየተራቸው እንመልከት።

1ኛ፤ ቤተ ሰብን መጠበቅ የተገባ ሥራ ነው

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት በምዕራፍ 5፤ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ እንደሚቈጠር ያስተምራል። ማሰብ ደግሞ እንጀራና ልብስ መስጠት ብቻ አይደለም፤ ደካማውን ከግፈኛ እጅ ማስጣልም ነው። አብርሃም የወንድሙ ልጅ ሎጥ እንደ ተማረከ በሰማ ጊዜ በቤቱ የተወለዱትን 318 ሰዎች አሰልፎ ማራኪዎቹን ተከተለ፤ ሎጥንም ሴቶቹንም ሕዝቡንም አስጣለ። ከምርኮው ግን ለራሱ የክር ቍራጭ ስንኳ አልወሰደም፤ የወጣው ሰውን ለማዳን እንጂ ሀብት ለመሰብሰብ አልነበረምና።

ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ጠላቶች በዛቱበት ጊዜ፤ ሕዝቡን በየወገናቸው ሰይፍና ጦር ቀስትም አስይዞ አቆማቸው፤ ስለ ሚስቶቻቸውና ስለ ልጆቻቸውም እንዲቆሙ አደፋፈራቸው። ነገር ግን ይህን ልብ በል፤ የጠላት ምክር ከሸፈ፤ ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። የነህምያ ጥበቃ የተመሰገነው ብዙ ሰው በመግደሉ አይደለም፤ ሕዝቡ ሥራውን በሰላም እንዲፈጽም በማድረጉ ነው እንጂ። እንግዲህ የክፉን ሰው እጅ መከልከል በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። ኃጢአት የሚሆነው ምክንያቱና ልኩ ሲጠፋ ነው።

2ኛ፤ የሌሊት ሌባና የቀን ሌባ

የዚህን ነገር ልክ ለማወቅ ኦሪት ዘጸአትን በምዕራፍ 22 አንብብ። ሌባ በሌሊት ግድግዳ ሲቈፍር ተገኝቶ ተመትቶ ቢሞት፤ በመታው ሰው ላይ የደም ዕዳ እንደማይሆን ሕጉ ይናገራል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የገደለው እንደ ሆነ ግን የደም ዕዳ አለበት፤ ሌባው የወሰደውን ሊከፍል ይገባዋልና።

በሌሊትና በቀን መካከል ይህ ልዩነት ስለ ምን ሆነ? በጨለማ ባለቤቱ የገባው ሰው ሌባ ይሁን ወይም ነፍሰ ገዳይ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ጎረቤትም ተኝቷል። በቀን ግን ሰውየውን ያየዋል፤ ጮኾ ሰው ይጠራል፤ ይዞም ለዳኛ ይሰጠዋል። ከዚህም ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፤ የሌባም ደም ቢሆን በእግዚአብሔር ዘንድ የተቈጠረ ነው። ሁለተኛ፤ ገንዘብ የሰው ሕይወት ዋጋ አይሆንም። ሦስተኛ፤ ለመምታት የሚፈቀደው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ሌላ መንገድ ሳለ ግን ፈቃዱ ይቀራል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78፤ ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ከሕግ ውጭ ከሆነ ጥቃት የተከላከለ ሰው እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ነገር ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፤ በሌላ መንገድም ሊመለስ የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመዛዘነ እንዲሆን ግድ ነው። ከልኩ ያለፈውን ግን በአንቀጽ 79 ለይቶ ይመለከታል፤ ስለ ድንጋጤውም ዳኛ ሊያዝንለት ይችላል።

እንግዲህ በግ ሰርቆ የሚሸሽን ሰው ከጀርባው ስለሚተኩስ ምን እንላለን? ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ቢሆን እንኳ፤ ለዚያ ሰው ፀሐይ ወጥታለች። ሌባው ሸሽቷል፤ አደጋውም አልፏል። የቀረው በግ ብቻ ነው፤ ስለ በግም ሰው አይገደልም።

3ኛ፤ ጌታችን ስለ ሰይፍ ያስተማረው

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ጌታችን ሰይፍ የሌለው ደቀ መዝሙር ልብሱን ሸጦ እንዲገዛ የተናገረውን ቃል ብዙዎች መሣሪያ ለመያዝ ማስረጃ ያደርጉታል። ነገር ግን ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ያንብቡት። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ ባሳዩት ጊዜ ይበቃል አላቸው፤ ሁለት ሰይፍም ለጦርነት እንደማይበቃ ሁሉ ያውቃል። በዚያችው ሌሊት ጴጥሮስ የማልኮስን ጆሮ በቈረጠ ጊዜ ጌታችን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ ሊይዘው የመጣውንም ሰው ጆሮ ዳስሶ ፈወሰ። ክንዱ ብርቱ ሲሆን ጠላቱን የፈወሰ ጌታ ተከታዮች የሆንን ሁሉ፤ መሣሪያን በደስታ ልናነሣ አንችልም።

የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም በዚህ ነገር አንድ አሳብ አልነበራቸውም። የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ398 ገደማ ወደ ፑብሊኮላ በጻፈው ደብዳቤ፤ ስለ ሌሎች ከሚቆም ወታደር ወይም ሹም በቀር፤ ሰው የራሱን ሕይወት ለማዳን ሌላውን መግደሉን እንደማይደግፍ ገለጠ። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቶማስ አኵዊናስ ግን፤ አሳቡ ራሱን ማዳን ከሆነና ከልክ ያለፈ ኃይል ካልጨመረ፤ ኃይልን በኃይል መመለስ እንደሚፈቀድ አስተማረ። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተነሡት መኖናውያን ደግሞ ሰይፍን ፈጽመው ተዉ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 8 ቀን 1956፤ በደቡብ አሜሪካ በኤኳዶር አገር፤ ጂም ኤልየትና ነይት ሴይንት ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር፤ ወንጌልን ሊያደርሱለት በሄዱት በዋኦራኒ ነገድ ሰዎች ጦር ተወግተው ሞቱ። መሣሪያ በእጃቸው ነበረ፤ ነገር ግን የራሳቸውን ሕይወት ለማዳን እነዚያን ሰዎች እንዳይገድሉ አስቀድመው ቈርጠው ነበር። በ1958 የኤልየት ሚስት ኤልሳቤጥና የሴይንት እኅት ራሔል በዚያው ነገድ መካከል ሊኖሩ ገቡ፤ ከገዳዮቹም መካከል አንዳንዶቹ ክርስቲያን ሆኑ።

ከዚህ የምንማረው እጅግ የከበረ ነገር አለ። ሰው የራሱን ሕይወት ስለ ፍቅር አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። የሚጮኸውን ልጁን ሕይወት ግን በእርሱ ፈንታ አሳልፎ እንዲሰጥ አልታዘዘም። ስለዚህ መሣሪያ የማይዘውን ወንድም ፈሪ አትበለው፤ በፍርሃትና በጥንቃቄ የሚይዘውንም ወንድም ነፍሰ ገዳይ አትበለው። ሁለቱም ለጌታቸው መልስ ይሰጣሉ።

4ኛ፤ ስለ ክብርና ስለ ደም

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዳሩ ግን መሣሪያ በተገዛበት ምክንያት ጸንቶ አይኖርም። ለሌባ የተገዛው ጠመንጃ በድንበር ጠብ ይወጣል፤ ለወንበዴ የተዘጋጀው ሽጉጥ በጠጅ ቤት ስለ አንድ የስድብ ቃል ይመዘዛል። ከዚያም የሟቹ ወንድም ደመኛ ይሆናል፤ የገዳዩም ልጅ ከቤቱ መውጣት ይፈራል። ሽማግሌዎች በብዙ ድካም እስኪያስታርቋቸው ድረስ፤ ለጥበቃ የተባለው መሣሪያ ሁለቱን ቤት ያለ ጠባቂ ያስቀራል።

በፊተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 25 ናባል ዳዊትን በሰደበው ጊዜ፤ ዳዊት 400 ሰዎች አስታጥቆ ቤቱን ሊያጠፋ ተነሣ። ሌባ አልመጣበትም፤ ልጁም አልተነካበትም፤ የተነካው ክብሩ ብቻ ነበረ። አቢግያ በመንገድ አግኝታ በትሕትና በለመነችው ጊዜ ግን ዳዊት ከደም ስለ ጠበቀው እግዚአብሔርን አመሰገነ። አንተስ በተቈጣህ ጊዜ እንደ አቢግያ ያለ ሰው ቢከለክልህ ታመሰግናለህን፤ ወይስ፦ ወንድነቴን ነካብኝ ትላለህ? ሐዋርያው በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 12 በቀል የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በቀልን ለራሱ የወሰደ ሰው የእግዚአብሔርን ዙፋን ተሻማ።

5ኛ፤ በቤት የተቀመጠ መሣሪያ ዕዳ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው፤ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፤ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ በሬው ተዋጊ እንደ ሆነ ተነግሮት ሳለ ያልጠበቀው ሰው፤ በሬው ሰው ቢገድል ባለቤቱም ይጠየቃል። የጎረሰ ጠመንጃ በቤትህ ካለ፤ ተዋጊ በሬ አስረሃል ማለት ነው፤ ገመዱ እንዳይላላ ተጠንቀቅ።

የሚያሰጋውም የውጭ ሰው ብቻ አይደለም። ሕፃን ልጅ መጫወቻ መስሎት ያነሣዋል፤ የሰከረ ዘመድ ያወርደዋል፤ ተስፋ የቈረጠ ሰው በጨለማ ሰዓት በራሱ ላይ ያዞረዋል። በአሜሪካ አገር ብዙ ሰዎች ቤታችንን እንጠብቃለን ብለው መሣሪያ ይይዛሉ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 በዚያ አገር በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል ግን 26,328ቱ ራሳቸውን የገደሉ ነበሩ፤ ይህም ከግማሽ ይበልጣል። ሌባን የሚጠብቅ ሰው፤ ብዙ ጊዜ ኀዘን በውስጥ በር እንደምትገባ አላስተዋለም። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኰሰውም ጥይት ከሰማይ አይቀርም፤ በአንድ ሰው ጣራ ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ መሣሪያ የሚይዝ ክርስቲያን ይህን ያድርግ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላልና፤ በስውር አይያዝ። ጥይቱን አውጥቶ ለብቻው ይቈልፍ፤ መሣሪያውንም ይቈልፍ፤ ቍልፉን ለልጅ አያሳይ። መጠጥ በቀመሰበት ቀን አይንካው። በቤቱ እጅግ ያዘነ ወይም ተስፋ የቈረጠ ሰው ካለ፤ ወይም ከማንም ጋር የደም ጠብ ካለበት፤ ሳይውል ሳያድር ከቤቱ ያውጣው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የተተኰሰም ጥይት አይመለስም።

6ኛ፤ ከመሣሪያ የሚቀድም ጥበቃ

ከሁሉ አስቀድሞ ሌላውን ጥበቃ ፈጽም። የጸና በርና መወርወሪያ፤ በደጅ የሚበራ መብራት፤ የሚጮኽ ውሻ፤ ለዘበኛ የሚዋጣ ገንዘብ፤ ይህ ሁሉ ደም ሳያፈስ ቤትን ይጠብቃል። ከዚህም ሁሉ ጎረቤት ይበልጣል፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ተብሏልና። ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው፤ ትልቁን ጠባቂ አባርሮ ትንሹን ቀጠረ። በመዝሙረ ዳዊትም በ127ኛው መዝሙር፤ እግዚአብሔር ካልጠበቀ የጠባቂ ትጋት ከንቱ እንደ ሆነ ተነግሯል።

ራስህን የምትመረምርባቸው ጥያቄዎች

1. መሣሪያ የያዝኸው ስለ ሰው ሕይወት ነው፤ ወይስ ስለ ገንዘብህና ስለ ክብርህ?
2. ፀሐይ በወጣችበት ነገር ላይ፤ ይኸውም ዳኛና ጎረቤት ሊደርሱበት በሚችሉት ጠብ፤ መሣሪያህን አስበህ ታውቃለህን?
3. ልጅህ ዛሬ ቤት ብቻውን ቢቀር መሣሪያውን ሊያገኘው ይችላልን?
4. የምትታረቀው ሰው ሳለ ዕርቁን ለምን ታዘገያለህ?

አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን በእውነት መመለስ ካልቻልህ መሣሪያውን ከቤትህ አውጣ፤ ያለ እርሱ የምታድረው ሌሊት የሚያስፈራ ቢመስልህም፤ ከእርሱ ጋር ከምታድረው ሌሊት ይሻላል። መመለስ ከቻልህም እንደ ባለ ዕዳ ያዘው እንጂ እንደ ጌጥ አትያዘው። እስራኤልን የሚጠብቅ የማያንቀላፋ አምላክ ቤትህን ከግፈኛ፤ እጅህንም ከደም ይጠብቅ። አሜን።