ነገሮችን በየምድባቸው መለየት

ሀ. መግቢያ

ገላጭ ድርሰት በምትጽፉበት ጊዜ ብዙ ነገሮችን በየምድባቸው ለይታችሁ ማቅረብ ያስፈልጋችኋል። መልካም አመዳደብ ሦስት ደንቦች አሉት። አንደኛ፥ በአንድ እርከን ላይ የመለያው መሠረት አንድ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፥ አንዱ ነገር በሁለት ምድብ ውስጥ አይግባ። ሦስተኛ፥ ምድብ አጥቶ የሚቀር ነገር አይኑር። የሚከተለውን ምንባብ እነዚህን ደንቦች እያሰባችሁ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ የመንገድ መኪና በውድድር ሜዳ

በአሜሪካ አገር መተዳደሪያቸው ሌላ ሙያ ሆኖ የዕረፍት ቀናቸውን በመኪና እሽቅድምድም የሚያሳልፉ ብዙ ሰዎች አሉ። እነዚህን ከሚያሰባስቡት ማኅበሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክበብ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ የሚነዱት ለመንገድ ተሠርቶ በኋላ የተሻሻለ መኪና ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አንዱ መኪናውን እንደ ገዛው ይዞ ቢመጣ፥ ሌላው ደግሞ ሞተሩን አሻሽሎና ክብደቱን ቀንሶ ቢመጣ፥ ሁለቱን እንዴት ማወዳደር ይቻላል? ድሉ የነጂው መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ይሆናል። ምድብ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

የተለመደው አመዳደብ መኪናዎቹን አስቀድሞ በተደረገባቸው ለውጥ መጠን ይለያል፤ ቀጥሎም በየምድቡ ውስጥ እንደ ችሎታቸው ይከፋፍላቸዋል። ሌላው መንገድ ክብደትን ለጉልበት ማካፈል ነው። ከነነጂው 1,120 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 140 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው፥ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 8 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። ባለቤቱ 70 ኪሎ ግራም ቢቀንስለት ቁጥሩ ወደ 7.5 ይወርዳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው ፈጥኖ ይነሣል፤ ምድቡም ሊለወጥ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መኪና ማወዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበችው ማዝዳ ሚያታ ቀላልና ባለ ሁለት ወንበር በመሆኗ በስሟ የተጠራ ምድብ አላት። በዚህ ምድብ የሚፈቀደው ጎማ፥ ሞላና አነስተኛው ክብደት አስቀድሞ በደንብ ተወስኗል።

ስለዚህ አስተዋይ ሰው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት የደንቡን መጽሐፍ ያነባል። ያልተፈቀደ አንድ ዕቃ መለወጥ መኪናውን ከእርሱ እጅግ ከሚበረቱ ጋር ያሰልፈዋልና።

ቀጥሎ የሚመጣው የነፍስ ጉዳይ ነው። ጎን ለጎን በሚሮጥበት ውድድር መኪናው ቢገለበጥ ጣራው ነጂውን እንዳይጫነው፥ በውስጡ ከብረት ቧንቧ የተበየደ ቀፎ ይሠራለታል። ጠንካራ ቀበቶ፥ የራስ ቁርና እሳት ማጥፊያም ያስፈልጋሉ።

ከዚያ በኋላ ፍሬን ይታያል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ርጥበት ከገባበት በኋላ ግን የሚፈለግበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ስለሚጨመቅ ነጂው ፔዳሉን ቢረግጥ መኪናው አይቆምለትም። የሞተር ጉልበት የመጨረሻው ሐሳብ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም የመኪናውን ምድብ የሚያስመዘግበው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሹማምንቱ መኪናውን ሊመዝኑና ሊፈትሹ ይችላሉ፤ ሆኖም በሞተር ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ በየጊዜው አይፈቱትም። የውድድሩ ክብር በሚዛኑ ብቻ ሳይሆን በሰውየው ቃልም ላይ የቆመ ነው።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

«የፍሬኑን ዘይት ቀይሮ ቢሆን ኖሮ ከመንገድ ባልወጣ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። «ቢሆን ኖሮ» ሁኔታው እንዳልተፈጸመ፥ «ባልወጣ ነበር» ደግሞ ጉዳቱ እንደ ደረሰ ያመለክታል። «ዘይቱን ከቀየረ ከመንገድ አይወጣም» ብንል ግን ጊዜው ገና አላለፈም።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ የተጠቀሱት ሦስት የአመዳደብ መንገዶች መሠረታቸው ምን ምን ነው?
2. 960 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 120 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና በምንባቡ መጀመሪያ ከተጠቀሰው ጋር በአንድ ምድብ ሊገባ ይችላልን? አስረዱ።
3. «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን በመጠቀም ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ የምታዩአቸውን መጓጓዣዎች በአንድ መሠረት መድባችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ በሁለት ምድብ የገባ ወይም ምድብ ያጣ እንዳለ መርምሩ።